ፈረሰኛው ተያዘ፣ መልእክቱ ግን ደረሰ፦ የአንድ ሌሊት ማንቂያ የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፣ በሰሜን አሜሪካ በነበረችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በማሳቹሴትስ፣ ሊንከን በተባለች የገጠር ከተማ በኩል በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ ፖል ሪቪር የተባለ የ40 ዓመት ብር አንጥረኛ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደቀ። ከቦስተን የተነሣው የንጉሡ ጦር በኮንኮርድ የተከማቸውን ባሩድና መድፍ ሊያወድም እየመጣ መሆኑን ለመንገር ነበር የሚጋልበው። ኮንኮርድ አልደረሰም። ይሁን እንጂ የኮንኮርድ ደወል ያንኑ ሌሊት ተደወለ፤ ጦሩም ሲነጋ ከተማዋ ሲገባ አብዛኛው መሣሪያ ተቀብሮና ተሸሽጎ፣ ሚሊሻውም ተሰብስቦ ጠበቀው። ዝነኛው መልእክተኛ ተይዞ ሳለ መልእክቱ እንዴት ደረሰ የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ነው።

ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሚያዝያ 1767 ዓ.ም. ሲሆን፣ በጎንደር ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ዘመነ መሳፍንትም ገና መጀመሩ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አስቀድሞ አንድ እንቅፋት ከመንገድ ማንሣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሌሊት ብዙ ሰው የሚያውቀው ድርጊቱ ከተፈጸመ ከ85 ዓመት በኋላ ከተጻፈ አንድ ግጥም ነው። በግጥሙ ውስጥ ፈረሰኛው ወንዝ ማዶ ቆሞ የፋኖስ ምልክት ይጠብቃል፣ ምልክቱን እንዳየም ብቻውን እየጋለበ ኮንኮርድ ድረስ ይዘልቃል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ምልክቱ ለእርሱ የተሰጠ ሳይሆን እርሱ ለሌሎች ያሰጠው ነው፤ ብቻውንም አልነበረም። ግጥሙ የጀግና ታሪክ ሲሠራ የሥርዓቱን ታሪክ ሸፈነው፤ በእኔ እይታ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ የተሸፈነው ነው።

ከሌሊቱ በፊት የነበሩት ስምንት ወራት

በ1773 መገባደጃ የቦስተን ሰዎች የንግድ ሻይ ባሕር ውስጥ ከጣሉ በኋላ የለንደን መንግሥት ወደቡን ዘጋ፤ የቅኝ ግዛቷንም አስተዳደር ለጄኔራል ቶማስ ጌጅ ሰጠ። ጌጅ የአሜሪካን ምድር ለረጅም ጊዜ የሚያውቅ፣ ደም ማፍሰስ የማይወድ ወታደር ነበር። ሐሳቡም ሕዝቡን ከመውጋት ይልቅ ባሩዱን ቀስ በቀስ ከእጁ ማውጣት ነበር። በዚህም መሠረት ሴፕቴምበር 1 ቀን 1774 ማለዳ 260 ያህል ወታደሮችን በጀልባ በሚስቲክ ወንዝ ልኮ፣ ከአንድ የባሩድ ማከማቻ 250 ግማሽ በርሜል ባሩድ አንድ ጥይት ሳይተኮስ አስወሰደ።

ዘመቻው ያለ ኮሽታ ቢያልቅም ወሬው ግን አላለቀም። ቦስተን በመርከብ መድፍ እየተደበደበች ነው፣ ሰዎችም ሞተዋል የሚል ወሬ በገጠሩ ተዛመተ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ከተማዋ ገሠገሡ። ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ለጉዳያችን ቁልፉ ይህ ቀን ነው። ጌጅ ከዚያ ቀን የተማረው ቀጣዩን ዘመቻ በከፍተኛ ምስጢር ማድረግ እንዳለበት ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሁለት ነገር ተማሩ፦ እውነተኛው ዜና የደረሳቸው ባሩዱ ከተወሰደ በኋላ ነበር፤ ሐሰተኛው ወሬ ግን ከእውነተኛው ፈጥኖ ተጉዟል። ስለዚህ ማን ለማን፣ በምን መንገድ፣ ምን ብሎ እንደሚናገር አስቀድሞ መወሰን ነበረበት።

በዚያው መጸው በጌጅ ዕውቅና የተነፈገው የቅኝ ግዛቷ ጉባኤ ሚሊሻውን የመጥራት ሥልጣን ያለው የደህንነት ኮሚቴ አቋቋመ፤ ከሚሊሻውም ቢያንስ ሩቡ በጥሪ ደቂቃ የሚነሣ እንዲሆን አሳሰበ። ሚኒትመን የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። በእኛ አገር ነጋሪት የሚጎሰመው በንጉሥ ትእዛዝ ነው፤ እዚህ ግን ማንቂያው የሚሰማው በንጉሡ ጦር ላይ ነበርና ነጋሪቱን የሚጎስም የመንግሥት እጅ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ከበሮ፣ ተከታታይ የጠመንጃ ተኩስ፣ በኮረብታ ላይ የሚለኮስ እሳት፣ ከእነዚህም ሁሉ በፊት በር የሚያንኳኳ ፈረሰኛ በነጋሪቱ ቦታ ገቡ።

ሪቪር በዚህ ሥራ አዲስ አልነበረም። በዲሴምበር 1774 የኒው ሃምፕሸርን ምሽግ የሚያጠናክር ጦር ሊላክ ነው ሲባል፣ በክረምት በረዶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ጋልቦ ፖርትስመዝ ደረሰ። በማግሥቱ 400 ያህል ሰዎች ምሽጉን ከጥቂት ጠባቂዎቹ ቀምተው ባሩዱን ጫኑ። በቦስተንም ውስጥ እርሱና ሌሎች ከ30 የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ እንደ እርሱ የእጅ ባለሙያዎች የሆኑ ሰዎች፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሌሊቱን በየመንገዱ ይዞሩና የወታደሩን እንቅስቃሴ ይከታተሉ ነበር። በስብሰባቸው መጽሐፍ ቅዱስ እየመቱ፣ ያዩትን ለጥቂት መሪዎች ካልሆነ በቀር ለማንም እንደማይናገሩ ይምሉ ነበር። ከእነዚያ ጥቂት መሪዎች አንዱ ዶክተር ቤንጃሚን ቸርች ነበር፤ ቸርች ደግሞ የጌጅ ሰላይ ነበር። መሐላው አልጠበቃቸውም። የኮንኮርድን ግምጃ ቤት በዝርዝር የሚያውቅ ጄኔራል ያንን ዕውቀት ያገኘው ከእንዲህ ዓይነት ምንጭ ነው።

ምልክቶቹ

ኤፕሪል 14 ቀን ለጌጅ ከለንደን ቆራጥ እርምጃ እንዲወስድ የሚያዝዝ ደብዳቤ ደረሰው። በማግሥቱ ግሬናዲየሮችና ቀላል እግረኞች የተባሉት ምርጥ ሻምበሎች አዲስ ልምምድ ይማራሉ በሚል ሰበብ ከመደበኛ ተረኝነት ተነሡ፤ ለጥገና ወደ ብስ ተጎትተው የነበሩ ጀልባዎችም በሌሊት ተመልሰው ከጦር መርከቦቹ ጀርባ ታሰሩ። ብዙ አንጥረኛ፣ አናጺና መርከብ ሠሪ በሚኖርባት የወደብ ከተማ ጀልባ ያለ ምክንያት ውኃ ላይ እንደማይወርድ የማያውቅ አልነበረም።

በ16 ቀን፣ እሑድ፣ ሪቪር ወደ ሌክሲንግተን ሄዶ በዚያ በቄስ ጆናስ ክላርክ ቤት ያረፉትን የተቃውሞውን መሪዎች ጆን ሃንኮክንና ሳሙኤል አዳምስን አስጠነቀቀ። ሲመለስ በቻርልስታውን አደረና ከአንድ ኮሎኔል ጋር ስለ ምልክት ተስማማ፦ ጦሩ በየብስ ከወጣ በሰሜን ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ አንድ ፋኖስ፣ በውኃ ከወጣ ሁለት ፋኖስ ይታያል። ይህን ያደረገው ከቦስተን መውጫው ሁሉ ከተዘጋና መልእክተኛ መሻገር ካልቻለ ዜናው ብርሃን ሆኖ ወንዙን እንዲሻገር ብሎ ነው። ስለዚህ ፋኖሱ ዋናው መንገድ ሳይሆን መጠባበቂያው ነበር።

ጌጅ በበኩሉ መልእክተኞችን ለመያዝ በ18 ቀን ከሰዓት በኋላ 20 ያህል መኮንኖችና ሳጅኖች በፈረስ ወደ ገጠሩ አሰማራ። ሐሳቡ ብልህ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። የእንግሊዝ መኮንኖች ለሽርሽር ወደ ገጠር መውጣታቸው የተለመደ ቢሆንም ሳይመሽ ይመለሱ ነበር። በዚያ ቀን ግን ከጨለመ በኋላም ካባቸው ሥር ሽጉጥ እያንጠለጠሉ በመንገዱ ላይ ሲንዣበቡ ታዩ። ከገበያ ሲመለስ ያያቸው አንድ የሌክሲንግተን ወጣት ለሳጅን ዊልያም መንሮ ነገረው፤ ሳጅኑም ስምንት ሰዎች ይዞ የቄሱን ቤት መጠበቅ ጀመረ። ማንቂያውን ለማፈን የተላኩት ሰዎች የመጀመሪያው ማንቂያ ራሳቸው ሆኑ ማለት ነው።

ሌሊቱ

ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ዶክተር ጆሴፍ ዋረን ሪቪርን አስጠራ። ዋረን በቦስተን ውስጥ የቀረ ብቸኛው ዋና መሪ ነበር። ሪቪር ሲደርስ ዋረን አንድ ሰው አስቀድሞ ልኳል፦ ቆዳ ፋቂውን ዊልያም ዶውስን፣ በየብስ፣ ከተማዋን ከምድሩ ጋር በሚያገናኘው ጠባብ መሬት ላይ ባለው ኬላ በኩል። ሪቪር በውኃ እንዲሄድ ታዘዘ። አንድ ዓይነት መልእክት፣ ሁለት ሰዎች፣ ሁለት መንገዶች፣ በዚያ ላይ ፋኖሱ። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ እንደሚከሽፍ ዋረን የገመተ ይመስላል።

ሪቪር ፋኖሶቹን እንዲያበራ ለቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ መልእክት ሰጥቶ፣ ቦት ጫማውንና ካፖርቱን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ሁለት ወዳጆቹ ጀልባውን ቀዘፉ። ብዙ መድፍ የተጠመደባት ሶመርሴት የተባለች የጦር መርከብ በትክክል በመሻገሪያው ላይ ቆማ ነበር፤ በሌሊት መሻገር ደግሞ ተከልክሏል። የመቅዘፊያው ድምፅ እንዳይሰማ የአንዲት ሴት የውስጥ ቀሚስ ተጠቅልሎበት ነበር ይባላል፤ ታሪኩ በቤተሰብ አፍ የመጣ ነውና አልማልለትም። ማዶ ሲደርሱ የቻርልስታውን ሰዎች ሁለቱን ፋኖሶች አይተናል አሉት። ከዲያቆን ጆን ላርኪን ጥሩ ፈረስ ተዋሰና 5 ሰዓት ገደማ ተነሣ።

ብዙም ሳይርቅ ከዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ፈረሰኞች አየ። ሲቀርብ የመለዮአቸውና የሽጉጥ ማህደራቸው ቅርጽ ታየው። አንዱ መንገዱን ሲዘጋበት ሌላው ተንደረደረበት፤ ሪቪር ፈረሱን አዙሮ በመጣበት ሸመጠጠና ወደ ሜድፎርድ በሚወስደው መንገድ ተጠመዘዘ። አቋርጦ ሊቀድመው የሞከረው መኮንን የሸክላ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሜድፎርድ በሪቪር ዕቅድ ውስጥ አልነበረችም፤ በዚህ ማሳደድ ምክንያት ግን የከተማዋን የሚኒትመን ካፒቴን ቀሰቀሰ። ሜድፎርድ ከነቃች በኋላ ማንቂያው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በሌሎች ፈረሰኞች ቀጠለ።

እዚህ ላይ ሪቪር ምን ያደርግ እንደነበር ማየት ይገባል። በልማድ እንደሚነገረው በየመንገዱ «እንግሊዞች መጡ!» እያለ አልጮኸም። መጮኹ ጥበቃውን ከመጥራት በቀር ጥቅም የለውም፤ በዚያ ላይ የማሳቹሴትስ ሰዎች በዚያን ጊዜ ራሳቸውን እንግሊዛዊ አድርገው ይቆጥሩ ስለነበር ቃሉ ትርጉም አይሰጥም ነበር። የተባለው «መደበኛው ጦር ወጥቷል» ነው፤ የተባለውም በተመረጡ ደጆች ላይ ነው። የካፒቴኑን፣ የኮሚቴውን አባል፣ ደወል የሚደውለውን ሰው ቤት ለይቶ ማወቅ ከፈረሱ ፍጥነት ይበልጥ ነበር። ለወራት በመልእክተኝነት የተመላለሰ ሰው ያንን ያውቃል። ዶውስ ከሪቪር የረዘመ መንገድ ጋልቦ በሰላም ሌክሲንግተን ደርሷል፤ ነገር ግን በመንገዱ ስለ ቀሰቀሳቸው ከተሞች የተረፈው ማስረጃ እጅግ ጥቂት ነው። ይህን እንደ ስንፍና ማየት ስህተት ይመስለኛል። ዶውስ የታዘዘው ለሃንኮክና ለአዳምስ እንዲነግር ነበርና የታዘዘውን ፈጸመ፤ ሪቪር ግን ካልታዘዘውም ጨመረ።

እኩለ ሌሊት ገደማ ሪቪር የቄሱ ቤት ደረሰ። ሳጅን መንሮ ቤተሰቡ ተኝቷልና ጫጫታ እንዳያሰማ ሲነግረው፣ «ጫጫታ ትላላችሁ? ገና ብዙ ጫጫታ ትሰማላችሁ! መደበኛው ጦር ወጥቷል!» አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዶውስ ደረሰ። ሁለቱ ምግብ ቀመሱና፣ የጦሩ ዓላማ ሁለቱን ሰዎች መያዝ ብቻ ሊሆን አይችልም፣ ለኮንኮርድም መነገር አለበት ብለው ወደዚያው ተነሡ።

ሊንከን ላይ

በመንገድ ላይ አንድ ሦስተኛ ሰው ደረሰባቸው፦ ዶክተር ሳሙኤል ፕሬስኮት፣ የኮንኮርድ ወጣት ሐኪም፣ ከሌክሲንግተን እጮኛውን ጠይቆ ወደ ቤቱ የሚመለስ። ማንም አላሰማራውም። ሆኖም በየቤቱ እርሱ ቢያንኳኳ የአገሩ ሰው ስለሆነ ቶሎ ያምኑታል ብሎ ሊረዳቸው ፈቀደ። ይህ ንግግር የጉዳዩ ሁሉ መፍቻ ነው ብል አላጋነንኩም። ሥርዓቱ የተገነባው በደመወዝ በሚላክ መልእክተኛ ላይ ሳይሆን እርስ በርስ በሚተዋወቁ ሰዎች ላይ ስለነበር፣ በሌሊት መንገድ ላይ በአጋጣሚ የተገኘ ሰው ባንድ አፍታ የሥራው አካል መሆን ቻለ።

ሊንከን ውስጥ ፕሬስኮትና ዶውስ አንድ ቤት ሲቀሰቅሱ ሪቪር ወደ ፊት ቀድሞ ሁለት መኮንኖች አየ። ጓደኞቹን ሲጠራ ሌሎችም ከጨለማው ወጡና በሽጉጥ እያስፈራሩ ወደ አንድ የግጦሽ ሜዳ ነዷቸው። ፕሬስኮት «ሂድ!» ብሎ ፈረሱን ወደ ግራ አዞረ፤ የድንጋይ ካቡን ዘሎ በሚያውቀው ጫካና ረግረግ ገብቶ ተሰወረ። ዶውስም አመለጠ፤ ግን ከፈረሱ ወድቆ በእግሩ ቀረ። ሪቪር ወደ ቀኝ፣ ወደ ዛፎቹ ሸመጠጠ፤ ከዛፎቹ መካከል ስድስት መኮንኖች ወጥተው ልጓሙን ያዙ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የ5ኛው ክፍለ ጦር ሻለቃ ኤድዋርድ ሚቼል መጥቶ ሽጉጡን በጭንቅላቱ ላይ ደገነና በስሙ ጠራው፤ እውነቱን ካልተናገረ አንጎሉን እንደሚበትነው ነገረው። ሪቪር እውነቱን ተናገረ፤ ከእውነቱም አስበልጦ ተናገረ። ጀልባዎቻቸው ደለል ላይ ተቀርቅረው እንደዘገዩ፣ እርሱ በመንገዱ ሁሉ አገሩን እንደቀሰቀሰ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም 500 ሰዎች እንደሚከቡአቸው ነገራቸው። እነዚያ 500 ሰዎች በዚያች ሰዓት አልነበሩም። መኮንኖቹ ግን እርሱንና ቀደም ሲል የያዟቸውን ሦስት የሌክሲንግተን ሰዎች እየነዱ ሲመለሱ፣ ከከተማዋ በኩል የጠመንጃ ተኩስ ቀጥሎም ደወል ተሰማ። ከእስረኞቹ አንዱ፣ ደወሉ እየተደወለ ነው፣ ከተማው ነቅቷል፣ አለቀላችሁ አላቸው። የእስረኞቹን የፈረስ ልጓምና መቀነት ቆርጠው ለቀቋቸው፤ የሪቪርን ፈረስ ግን የደከመ ፈረስ ለያዘው ሳጅን ሰጡት። የዲያቆን ላርኪን ፈረስ በዚያው ቀረ። ሪቪር በመቃብር ሥፍራውና በግጦሹ አቋርጦ በእግሩ ወደ ሌክሲንግተን ተመለሰ።

በዚያ መካከል ፕሬስኮት ኮንኮርድ ደርሶ ደወሉን አስደወለ። ወንድሙ አቤል ወደ ሰድበሪና ወደ ፍሬሚንግሃም ጋለበ። ከኮንኮርድ በስተ ምዕራብ ያለችው አክተንም በዚያው ሌሊት ነቃች።

በሌላው ወገን ያለው መልእክት

ያንኑ ሌሊት የንጉሡ ጦርም መልእክቶች ነበሩት፤ እንዴት እንደሄዱ ማነጻጸር ያስፈልጋል። በሌተና ኮሎኔል ፍራንሲስ ስሚዝ የሚመራው 700 ያህል ሰው 4 ሰዓት ገደማ መሻገር ጀመረ፤ ጀልባዎቹ ግን ስለማይበቁ ተመላለሱ፣ ወታደሮቹም ረግረግ ውስጥ ቆመው ስንቅ እስኪታደል ጠበቁና እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ጉዞ አልጀመሩም። ስሚዝ በየአቅጣጫው የሚሰማውን ደወልና የማንቂያ ተኩስ ሲያይ ምስጢሩ እንደወጣ ገብቶት ረዳት ጦር እንዲላክለት ሰው ወደ ቦስተን መለሰ።

ጌጅ ያንን ረዳት ጦር፣ የሎርድ ፐርሲን ብርጌድ፣ ንጋት 10 ሰዓት ላይ እንዲዘጋጅ አስቀድሞ አዞ ነበር። ትእዛዙ ለብርጌዱ ሻለቃ ተላከ፤ ሻለቃው ቤት ስላልነበረ ደብዳቤው ለአሽከሩ ተሰጠ፤ አሽከሩም ረሳው። ስህተቱ ታውቆ ጦሩ ሲሰለፍ ደግሞ የባሕር ኃይል ወታደሮቹ አልተገኙም፤ የእነርሱ ትእዛዝ የተጻፈው ለሻለቃ ጆን ፒትኬርን ሲሆን፣ ፒትኬርን ግን በዚያ ሰዓት ከስሚዝ ጋር በሌክሲንግተን መንገድ ላይ ነበር። ፐርሲ ከቦስተን የወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። በዓለም ላይ ከታወቁት ሠራዊቶች የአንዱ ትእዛዝ በአንዲት ከተማ ውስጥ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት መድረስ ሲያቅተው፣ የአንጥረኛው፣ የቆዳ ፋቂውና የሐኪሙ መልእክት ሰባት ስምንት ከተማ አዳርሶ ነበር። ልዩነቱ የሰዎቹ ትጋት አይመስለኝም። የጌጅ ሰንሰለት እያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ ያ ሰው ከሌለ መልእክቱ እዚያው ይቆማል። በሌላው ወገን ግን የሚቀጥለው ሰው ማን እንደሆነ ብዙዎች ያውቁ ነበር።

ምስጢሩን ማን አወጣው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ሰዎችን ያከራክራል፤ የጌጅን አሜሪካዊት ሚስት የሚጠረጥሩም አሉ። በበኩሌ ጀልባዎቹና ካባ የለበሱት ፈረሰኞች ካሉ ከዳተኛ ሚስት መፈለግ አስፈላጊ አይመስለኝም።

ማንቂያው ያልሠራበት ቦታ

ይህ ሁሉ ሲባል ማንቂያው እንከን የለሽ ነበር ማለት አይደለም። ከሁሉ ቀድማ የነቃችው ሌክሲንግተን ከሁሉ በከፋ ሁኔታ ተጎዳች። ካፒቴን ጆን ፓርከር በ7 ሰዓት ገደማ 130 ያህል ሰዎች በሜዳው ላይ ሰበሰበ። ብርዱ የበረታ ሌሊት ነበር። የጦሩን አቀራረብ እንዲያዩ የላካቸው ሰዎች ሳይመለሱ ቀሩ፤ የእንግሊዝ ቀዳሚ ቃፊሮች አንድ በአንድ ይይዟቸው ነበርና። ሰዓቱ እየረዘመ ሲሄድ ፓርከር ሰዎቹን ከበሮ ሲሰሙ እንዲመለሱ አዝዞ አሰናበታቸው። አንዳንዶቹ ወደየቤታቸው ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ሜዳው ዳር ባለው የበክማን መጠጥ ቤት ተጠለሉ። በመጨረሻ አንድ ቃፊር ብቻ አምልጦ ሲደርስ ጦሩ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ዜና «መጡ» ይላል፤ «የት ደረሱ» የሚለውን ሁለተኛ ዜና ግን የሚያመጣ አልነበረም። ሥርዓቱ ማንቃትን እንጂ መከታተልን አላሰበበትም። ስለዚህ 11 ሰዓት ገደማ የፒትኬርን ስድስት ሻምበሎች ሲደርሱ በሜዳው ላይ የቆሙት 77 ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ።

በዚያች ሰዓት ሪቪር የት ነበር? የሃንኮክ የሰነድ ሣጥን በመጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ ቀርቶ ነበርና፣ ከሃንኮክ ጸሐፊ ጋር ሆኖ ሊያወጣው ገብቶ ነበር። በመስኮቱ ጦሩ እጅግ ቀርቦ አየ። ሣጥኑን ተሸክመው በፓርከር ሰዎች መካከል ሲያልፉ ካፒቴኑ፣ እነርሱ ካልጀመሩ በቀር አትንኳቸው፣ ይለፉ ሲል ሰማ። ጥቂት እንዳለፉ የአንድ ጠመንጃ ድምፅ ተሰማ፤ ዞር ሲል ከጦሩ ፊት ጭስ አየ፤ ሚሊሻው ግን በአንድ ቤት ተጋርዶበት ነበር። ሣጥኑን ይዞ ሄደ። ስምንት የሌክሲንግተን ሰዎች ሞቱ፣ አሥር ያህል ቆሰሉ፤ ከቆሰሉት አንዱ ፕሪንስ ኢስታብሩክ የተባለ፣ በባርነት የሚኖር ጥቁር ሰው ነበር። በንጉሡ ወገን የቆሰለው አንድ ወታደር ነው።

ኮንኮርድ ላይ ሁኔታው ሌላ ነበር፤ ጊዜ አግኝታለችና። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ በሰሜን ድልድይ አጠገብ የተሰበሰበው ሚሊሻ 400 ያህል ደርሶ ነበር። ከፊት የተሰለፉት የአክተን ሰዎች ነበሩ፤ ካፒቴናቸው አይዛክ ዴቪስ በመጀመሪያው ተኩስ ወደቀ። የንጉሡ ወታደሮችም ከዚያ ድልድይ ሸሹ። ጦሩ ወደ ቦስተን ሲመለስ በየመንገዱ ካብና ዛፍ ጀርባ አዳዲስ ሚሊሻ ይጠብቀው ነበር፤ በሌሊት የነቁት ሩቅ ከተሞች መድረስ የጀመሩት በዚያች ሰዓት ነው። ፐርሲ 1,000 ያህል ሰውና ሁለት መድፍ ይዞ ሌክሲንግተን ላይ ባይደርስላቸው ኖሮ የስሚዝ ሰዎች መማረካቸው የማይቀር ነበር። ቀኑ ሲመሽ የንጉሡ ጦር 73 ሞቶ፣ 174 ቆስሎ፣ 26 ጠፍቶበት ነበር። ከሚሊሻው 49 ሞቱ፣ 40 ያህል ቆሰሉ። በሚቀጥሉት ቀናት ቦስተን ተከበበች።

ከማሳቹሴትስ ወዲያ

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የደህንነት ኮሚቴው አባል ጆሴፍ ፓልመር በዎተርታውን ሆኖ አጭር መልእክት ጻፈና በፖስታ ፈረሰኛ ላከ። መልእክቱ በየከተማው እየተገለበጠ፣ የተቀበለው ኮሚቴም እየፈረመበት ኤፕሪል 23 ቀን ኒው ዮርክ፣ በ24 ቀን ፊላዴልፊያ ደረሰ። ሪቪርም ቢሆን ሥራውን አላቆመም፤ ለኮሚቴው ከኤፕሪል 21 እስከ ሜይ 7 ድረስ በመልእክተኛነት ያገለገለበትን ሒሳብ በቀን 5 ሺሊንግ አስልቶ አቀረበ። ሒሳቡን ያጸደቁት ሰዎች ወደ 4 ሺሊንግ ዝቅ አደረጉበት። ከዚያ ሌሊት አኳያ ሲታይ ንፉግነት ይመስላል፤ ለእነርሱ ግን መልእክት ማድረስ እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ ዋጋው የሚከራከሩበት ሥራ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ሽቅድምድም ወደ ለንደን ነበር። ጌጅ የራሱን ሪፖርት ኤፕሪል 24 ቀን ሱኪ በተባለች የጭነት መርከብ ላከ። የማሳቹሴትስ ጉባኤ ደግሞ የዓይን ምስክሮችን ቃል ሲያሰባስብ ቆይቶ ዘገየ፤ የሪቪርም ቃል ተወስዷል፤ ግን ማን ቀድሞ እንደተኮሰ አላየሁም ያለ ሰው ቃል ለሚፈልጉት ነገር የሚጠቅም አልነበረም። የተሰበሰበው ሰነድ ለሴለሙ ካፒቴን ጆን ደርቢ ተሰጠ፤ ደርቢም ምንም ጭነት ሳይጭን፣ ኬሮ በተባለች ፈጣን መርከብ፣ ከጌጅ መርከብ አራት ቀን ያህል ዘግይቶ ተነሣ። ሜይ መጨረሻ ላይ ለንደን ደረሰ፤ ወረቀቱም በጋዜጣ ወጣ። መንግሥት ከጄኔራሉ ምንም እንዳልደረሰው እያስታወቀ ሕዝቡ ፍርዱን እንዲያቆይ ሲጠይቅ ከረመ። ሱኪ የደረሰችው ጁን 10 ቀን ነው።